ሳልቆም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

ወስዶ የመለሰኝን አምላክ አመስግኜ ልጀምር። እህቶቼ፣ ከጎጃም በተመለስኩ ሰሞን በሰበካችን አዳራሽ ከብባችሁ «እስኪ ንገሪን» ስትሉኝ «አገሩ ልምላሜ ነው፣ ሰዉም ደግ ነው» ብዬ ብቻ ማለፌ ሲቆጨኝ ሰንብቷል። በአፍ ስናገር እቸኩላለሁ። ስጽፍ ቀስ እላለሁ። አብዛኞቻችሁ ያን መንገድ የማየት ዕድል ላይገጥማችሁ ስለሚችል የሆነውን እንደሆነው አስቀመጥኩላችሁ።

ጽሑፉ ከእኛ ውጪ ላለ ሰው ከደረሰ እንዲገባው ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ሰሜን ስዊድን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ ሴት ነኝ። ክረምት ሲገባ የሰበካችንን አዳራሽ ማደሪያ ለሌላቸው ሰዎች እንከፍታለን። ለአዳራሹ ማሞቂያና ለፍራሹ መዋጮ ለማሰባሰብ ማራቶን እሮጣለሁ ብዬ ተመዘገብኩ። የምጦራቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይህን ሲሰሙ እየሳቁ «እንሰጣለን፤ የምንሰጠው ግን ከጨረስሽ ነው» አሉኝ። ሳቃቸው ሳቅ ነው፣ ቃላቸው ግን ቃል ነው። እኔ ደግሞ ከግማሹ በላይ ሮጬ አላውቅም፤ ቀኝ ጉልበቴም ያብጣል።

የዓለምነሽ የምትባለው የሥራ ባልደረባዬ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። «ፈቃድሽን ውሰጅና አገሬ ሂጅ» አለችኝ። «አገሩ ከፍታ ስለሆነ ሳንባሽን ያሰፋዋል። እናቴ ዘንድ ታርፊያለሽ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሳትቆሚ ከደረስሽ ማራቶኑን አትፍሪው።» ያን ጊዜ መንገዱ ሰላም ነበር። እኔም ከራሴ ጋር ተስማማሁ። ስለት አላልኩትም፤ ስለት ከባድ ነገር ነው። ቀስ ብዬም ሆነ እያነከስኩ ሳልቆም ቡሬ ከደረስኩ እሮጣለሁ። ከቆምኩ ግን ሰው ተስፋ አላስደርግም፤ ስሜን አስሰርዤ ቦታዬን ለአንዷ ጎበዝ ወጣት እለቃለሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። ዳዊቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ ግማሽ በጸሎት ግማሽ በእንቅልፍ ተጓዝኩ። አንዱ የት ላይ አልቆ ሌላው የት ላይ እንደጀመረ አላውቅም። አባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን ሲነካኝ ድሬዳዋ የገባሁ መሰለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ገደሉ ከግራም ከቀኝም በጭጋግ ተሸፍኖ አየሁ፤ አውቶቡሱም የሚወርድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ደጀንን አልፈን ሜዳው ሲዘረጋ ወሬ ጀመሩ።

«ዘመድ ጥየቃ ነው?»

«ጓደኛዬ እናት ዘንድ ነው። ልምምድ ላደርግ።»

«የምን ልምምድ?»

«የሩጫ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «በዚህ ዕድሜሽ ማን አባሮሽ ነው፣ እቴ?»

«ባሏ ይሆናላ» አለች ከኋላችን ወንበር አንዲት ሴት፤ ያ ወንበር በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ስንወርድ ነጋዴው እኔ እጄን ታጥቤ ሳልመለስ ሂሳቡን ከፍለው ጠበቁኝ። «ለሚሮጥ ሰው ሥጋ ይገባው ነበር» ብለው ለእኔ ጥብስ አዘው፣ ለራሳቸው ሽሮ በሉ። ስዊድን ከአንድ ሰው ጋር አንድ ዓመት አውቶቡስ ተሳፍሬ ስሙን አላውቅም።

ፍኖተ ሰላም ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው እየተጋፉ፣ ፈረሶቹ ከባጃጆቹ የተሻለ ዲሲፕሊን ያላቸው ይመስሉ ነበር። የየዓለምነሽ እናት እማማ ጥሩወርቅ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የልጃቸውን እሽግ ስሰጣቸው ሳይከፍቱ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ለእኔ የልጃቸውን አልጋ አነጠፉልኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የማንን ሕልም እያለምኩ እንዳደርኩ ባላውቅም፣ ሰላማዊ ሕልም ነበር።

ማክሰኞ

የመጀመሪያው ሩጫዬ። እዚህ ላይ ጥንቃቄዬ ነው ጉድ የሠራኝ።

በሰው አገር በሱሪ ብቻ መሮጥ አፈርኩ። ከሱሪው ላይ ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ከዚያ ጥቁር ሹራብ፣ ራሴ ላይ ጥቁር ሻሽ አደረግሁ። ስዊድን ጥቁር የለበሰችን ሴት ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ገና ሊነጋ ሲል ወጣሁ። ጭጋጉ ከጤፉ ላይ አልተነሳም ነበር። ዛፎቹ ግንድ የላቸውም፣ ቅርንጫፋቸው ብቻ ነጭ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። የራሴን ኮቴ የምሰማው ከሩቅ እንደሚመጣ የሌላ ሰው ኮቴ ነበር።

በሬዎቹን የሚነዳ ገበሬ ሲያየኝ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንዴት ያለ ጨዋ አገር ነው» አልኩ በልቤ። ውኃ የቀዱ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ቆሙ፤ አንዷ ደረቷን ያዘች። አድናቆት መሰለኝና ፍጥነት ጨመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ሦስት ሴቶችና አንድ ዱላ የያዙ አባት ይከተሉኛል። እኔ ስፈጥን ይፈጥናሉ፣ እኔ ስዘገይ ይዘገያሉ። አማተብኩ። ወንዙን በድልድዩ ተሻገርን፤ አሁንም አሉ። በመጨረሻ አንዷ እያለቀሰች «ኧረ ማን እንደሆነ ንገሪን፣ እታለም» አለች። ቆምኩ።

«ማን ምን ሆነ?» አልኩ።

«የሞተው ነዋ።»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ያሮጥሻል?»

እንደዚህ ነው ለካ። እዚያ አገር መርዶ የሚነገረው ጠዋት በንጋት ነው። ጥቁር ለብሳ በንጋት የምትሮጥ ሴት መርዶ የሰማች ሴት ናት። እንዲህ ያለችን ሴት ደግሞ ብቻዋን አይለቋትም፤ መጀመሪያ ይከተሏታል፣ የማን ለቅሶ እንደሆነ መንገድ ላይ ይጠይቃሉ። ባርኔጣውን ያወለቀው ሰውዬ ሳያውቀኝ ነበር ያዘነልኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ አዳራሹ፣ ቤት ስለሌላቸው ሰዎች፣ ስለ ማራቶኑ። አባትየው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የማን ልቅሶ እንደሆነ ሳላውቅ ይኸው ወንዝ ተሻገርኩ» አሉ ዱላቸውን እየተመለከቱ።

«እንኳን ሰው አልሞተ፣ አባየ» አለቻቸው አንደኛዋ እንባዋን እየጠረገች።

«እሱስ እንኳን። ያለቀስነውስ?»

«ለሚቀጥለው ይያዝልናል።»

ሁላችንም ስንስቅ ጭጋጉ ተገለጠ። አብረውኝ ወደ ከተማ ተመለሱ፤ በእግር፣ በአባትየው እርምጃ። የዚያ ቀን ሩጫ በዚሁ አለቀ።

ቤት ስደርስ ደግሞ የባሰው ጠበቀኝ። ወሬው በባጃጅ ቀድሞኝ ኖሮ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ጥቁር የለበሰችው ሴት የወጣችው ከእማማ ጥሩወርቅ ቤት ስለሆነ የሞቱት እሳቸው ናቸው። እማማ ጥሩወርቅ በራቸው ላይ ቆመው ለቀስተኛውን ራሳቸው ይቀበላሉ። «ገና ነኝ፣ ግቡ። ኧረ ግቡ፣ በቁሜ አልቅሱልኝ እንጅ።» እኔን ሲያዩ ምሰሶውን ይዘው ሳቁ። ይቅርታ ብጠይቃቸው፣ «ማን ማን እንደሚመጣልኝ አየሁ አይደል፤ ምን በደልሽኝ?» አሉ።

ረቡዕ

ልብሴን እማማ ጥሩወርቅ መረጡልኝ። የራሳቸውን ነጭ ቀሚስና ነጠላ አለበሱኝና «ይኸ ማንንም አያስደነግጥ» አሉ። እንዳሉትም ማንም አልደነገጠም። ረፈድ ሲል ወጥቼ ጥሩ ርቀት ሮጥኩ። ከዚያ መስቀል የያዙ አንድ ቄስ መንገድ ላይ አገኘሁ። ልሳለም ሳልቆም እንዴት ልለፋቸው? ቆምኩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉኝ በርኅራኄ። «ቅዳሴው ቆይቶ ነው የሚገባ። ምን አጣደፈሽ?»

የጾም ቀን ቅዳሴ መቼ እንደሚገባ የማታውቅ ሴት አድርገው ስላሰቡኝ ከድካሙ ይልቅ እፍረቱ አላበኝ። ከሳቸው በኋላም ያገኘኝ ሁሉ «ገና ነው፣ ቀስ በይ» ይለኛል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አልቀመስኩም። ስመለስ ራሴ ቀለል ብሎኝ እግሬ መሬት የማይነካ መሰለኝ። ኑጉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። ድሬ ሳለሁ ከደረቁ የአሸዋ ወንዝ ሌላ ሰፊ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ስዊድን ደግሞ ሰፊው ነገር በረዶ ነው። ቢጫ ስፋት የት አየሁ ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ መልሱ ሳይመጣልኝ ከተማ ደረስኩ።

ሐሙስ

በሚኒባስ ማንኩሳ ወረድኩ። ከዚያ ወደ ቡሬ የሚወስደውን ግማሽ መንገድ ልሞክረው ነበር። በመጨረሻ የለበስኩት አበባ ያለበት የቤት ቀሚስ ነበር፤ ለሐዘንም ለቅዳሴም የማይሆን። ሁሉም ሰላም ሆነ። በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀይ ነው፤ ትንፋሼን ስስብ ብቻ ያስለኛል።

ቡሬ ሳልደርስ አንዲት ሴት መንገዱ መሐል እጆቿን ዘርግታ ቆማ አየሁ፤ ያመለጠ ጥጃ እንደሚመልስ ሰው። የእማማ ጥሩወርቅ የእህታቸው ልጅ እንጉዳይ ናት። አክስቷ ደውለውላት ኖሯል።

«በደጄ ልታልፊ?» አለችኝ።

«ስመለስ እገባለሁ፣ እባክሽ። እየሮጥኩ ነው።»

«እያየሁሽ ነው። ሳትቀምሽ ካለፍሽ እኔ በዚህ ሠፈር ምን ተብየ እኖራለሁ?»

ገባሁ። በላሁ። ያደርኩትም እዚያው ነው። በልቤ ግን ፍርሃት ገባኝ፤ ሰው ደግ የሆነበት አገር ሳይቆሙ እንዴት ያልፋሉ?

ባለቤቷ አያ ፈንታ የአዊ ሰው ናቸው። ከእንጉዳይ ጋር በአማርኛ፣ አብረዋቸው ከሚኖሩት እናታቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ፤ ቋንቋውን ሲለውጡ ድምፃቸውም አብሮ ይለሰልሳል። እራት ላይ ጠየቁኝ።

«እነዚያ ቤት የላቸውም ያልሻቸው፣ ቤታቸው ተቃጥሎ ነው?»

«አይደለም። አንዳንዱ ሥራ አጥቶ ነው፣ አንዳንዱን መጠጥ ጥሎት፣ አንዳንዱ ከቤተሰቡ ተጣልቶ።»

«አንች ስትሮጭ ሰው ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ሳትሮጭስ አይሰጥም?»

 ይህን ለራሴም መልሼ አላውቅም ነበር። «ሰው ሲደክም ሲያዩ መስጠት ይቀላቸዋል መሰለኝ» አልኩ።

አያ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኛም ደቦ እንደዚሁ ነው። ባለ እርሻው ራሱ ካላጨደ የተጠራው ሰው ማጭዱን ጥሎ ይሄዳል።»

«አንተማ ባለፈው ደቦ ላይ ጥላ ሥር ነበርክ» አለች እንጉዳይ።

«ጠላውን ማን ይጠብቅ?»

ዓርብ

ጉልበቴ አበጠ። መቀመጥ ስላልሆነልኝ እንጉዳይን በርበሬ በመልቀም ላግዛት ብዬ ወጣሁና፣ በለቀምኩበት እጅ ዓይኔን አሸሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው አስቡት። እንጉዳይ ፊቴን እያጠበች «ሩጫውን ትተሽ እዚሁ እንባ ሽጭ» ትለኛለች። የአያ ፈንታ እናት ጉልበቴን ሊያሹልኝ ቅቤ ይዘው ሲመጡ ደግሞ «ጾም ነውኮ» አልኩ። አሮጊቷ በአማርኛ ቀስ ብለው፣ «በጉልበትሽ አትበይው» አሉኝ። አሹኝ። እጃቸው የዛፍ ሥር ይመስላል፤ ሥራቸው ግን የሐር ነው። እዚያው መደቡ ላይ አንቀላፋሁ፤ በእንቅልፌ ውስጥም አገውኛ ይሰማኝ ነበር፤ ትርጉሙም የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስነሳ እንጉዳይ ሸኘችኝ። «እስከ ዛፉ» አለች፤ ዛፉን አለፍን። «እስከ ድልድዩ» አለች። ሚኒባሱ መጥቶ በሩ እስኪዘጋ አልተመለሰችም። ድሬዳዋም እንሸኛለን፣ ግን እስከ ግቢው በር ነው፤ ፀሐዩ ከዚያ አያሳልፍም።

እሑድ

ቅዳሜን አርፌ ዋልኩ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ከተቀመጡት ነዳያን አንዲት እማሆይ ዘንድ እማማ ጥሩወርቅ ወሰዱኝ። እማሆይ የሚያድሩት በግቢው መቃብር ቤት ጥላ ነው። እማማ ጥሩወርቅ ስለ እኔ ሁሉንም ነገሯቸው።

«ሮጠሽ ስትጨርሽ ቤት ይሰጧቸዋል?» አሉኝ።

«ማታ ብቻ የሚያድሩበት አዳራሽ ነው፣ እማሆይ።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ይወጣሉ።»

«ታዲያ እንደ እኔ ናቸዋ» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም «ብርዱ እንደዚህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በረዶውን፣ ቀኑ ሳይነጋ የሚመሽበትን ክረምት ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «እንግዲያው ሩጭላቸው» አሉኝ። የእነዚያን ሰዎች ስም ጠይቀውኝ ነበር፤ ከአዳራሻችን ሰዎች የማስታውሰውን ያህል ነገርኳቸው፣ እሳቸውም እየደገሙ በጸሎታቸው ያዙት። ያንን የባዕድ ስም ሁሉ ሳይሳሳቱ አልጠሩትም። የሚሰማው ያውቀዋል።

ሰኞ

ፈቃዴ ሊያልቅ ነው፤ ሌላ ቀን የለኝም። ገና ሲነጋ ከእማማ ጥሩወርቅ በር ተነሳሁ። በቃሌ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ከተማውን ጨረስኩ። ጭጋጉ እንደዚያ ቀኑ ነበር፤ ግን አሁን ሰዉ ያውቀኛል። ከጭጋጉ ውስጥ ፊት የሌለው ድምፅ «በርች» ይለኛል። የት እንዳለ ሳላይ «አሜን» እላለሁ።

ማንኩሳ እስክደርስ እግሬ የእኔ አልነበረም፤ ብቻውን ይሄድ ነበር፣ እኔ ከላዩ ተቀምጬ ሜዳውን አያለሁ። ማንኩሳን አልፌ ፀሐይ ስትበረታ የጉልበቴ ሕመም ተመለሰብኝ። መንገዱ ዳገት ጀመረ። ሩጫው ሶምሶማ ሆነ፣ ሶምሶማው ማነከስ። መጦሪያ ቤት ያሉት ሽማግሌዎቼ፣ አዳራሹ ግድግዳ ሥር የሚደረደሩት ፍራሾች፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ መጣ። ትንሽ ባርፍ ማን ያየኛል አልኩ። ከዚያ የእንጉዳይን ቤት ከሩቅ አየሁ፤ እሷንም መንገዱ መሐል።

«እንጉዳይ» አልኳት ገና ሳልደርስ፣ «ዛሬ ከቆምኩ አለቀልኝ። በማርያም፣ አታስቁሚኝ።»

«ማን ቁሚ አለሽ?»

በነጠላዋ የሸፈነችውን ሳህን ይዛ አጠገቤ ገባች፤ በፕላስቲክ ጫማዋ አብራኝ መሮጥ ጀመረች። ነጠላውን ገለጠች፤ እንጀራ በእንቁላል ነው።

«አፍሽን ክፈች።»

«እየሮጥኩ?»

«እኔስ ተኝቻለሁ? አፈር ስሆን፣ ክፈች።»

አጎረሰችኝ። መንገድ ላይ መብላት ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ በሩጫ ላይ መብላትን ግን እናቴም አላሰበችው ይሆናል፣ አልከለከለችኝም። ሁለተኛውን አጎረሰችኝ። ወጡ በአገጬ ወረደ። ከፊት የመጣ ባለ ጋሪ ፈረሱን ገታና፣ «ምን ሁና ነው የምታጎርሻት?» ሲል ጠየቃት።

«እንግዳየ ናት። አልቆምም አለች።»

«አሃ» አለ፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ገባው ሰው፤ መንገዱን ለቀቀልን።

ሳቁ ሕመሙን አላጠፋውም፤ ወደ ጎን ገፋ አደረገው እንጂ። የመጨረሻው ዳገት ላይ እንጉዳይ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አደረገች። አልገፋችኝም፤ እዚያ መሆኗን ብቻ እንዳውቅ ነው። የቡሬ መጀመሪያ ቤቶች መጡ፣ ከዚያ ባጃጆቹ። «ደረስሽ» አለችኝ። «መናኸሪያው ጋ ነው» አልኩ፤ ራሴን ላታልል አልፈለግሁም። የመናኸሪያውን በር በእጄ ነካሁት። የማራቶን ቦታዬን ለማንም አልሰጥም። ይህን ስል ድምፄን አውጥቼ መሆኑን ያወቅሁት ዘበኛው ሲያየኝ ነው።

እንጉዳይ ባዶ ሳህኗን በነጠላዋ ጠቀለለች። «በይ፣ ሸኘሁሽ። ደህና ግቢ» ብላ ዞረች። ቤቷ ድረስ ያንን ሁሉ መንገድ በጠራራ ፀሐይ ብቻዋን ልትመለስ ነው። ለእኔ ብላ። እኔ ገና አልተቀመጥኩም ነበር።

«ልሸኝሽ» አልኳት።

«በዚያ ጉልበትሽ?»

«ቀስ ብለን።»

ቀስ ብለን ቁልቁለቱን ወረድን። እሷ ስለ በርበሬው ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ አንዳንዱን እሰማለሁ፣ አንዳንዱን እያለምኩት ይሁን አላውቅም። ጥላ ስናገኝ በጥላ፣ ጥላ ሲጠፋ በነጠላዋ ግማሽ ሥር ሄድን። ደጃፏ ስንደርስ በሩን በክንዷ ገፋ አድርጋ ያዘችልኝ።

«በይ ግቢ» አለችኝ። «አሁንስ የምትሄጅበት የለሽም።»

ገባሁ።